አናጺው በር ድረስ ስላፈገፈገው ኔትወርክ

ለተከበሩ የኔትወርክ ጥራት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ሲደውሉላቸው ያነሳሉ? የእርስዎ ስልክ በተፈለገ ቁጥር ሳይሰንፍ እንዲጮህ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ውድ ጊዜዎን ላለማባከንም አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቅርቤያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች። ሆስፒታሉ ሌላ ከተማ ነው። አልጋ ሲለቀቅ በሥራ ሰዓት ይደውላሉ፤ ሦስት ጊዜ ደውለው ካላገኙን ተራው ለሚቀጥለው ታማሚ ይተላለፋል። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ደውለው ነበር። ስልኩ ራስጌዋ ነበር፣ ባትሪውም ሙሉ ነበር። አልጮኸም። ተራዋ አለፈ።

አንደኛ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ተማሪ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የመሥሪያ ቤትዎ ቴክኒሻን፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ 3ጂ ስለሚባለው የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ አስረድታኛለች። ድምፅ ሲሄድ ከደዋዩ እስከ ተደዋዩ መንገድ ይያዝለታል፤ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ አይገባበትም። ዳታ ግን በትናንሹ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻውን ተሸክሞ፣ መንገድ ባገኘ ጊዜ ይጓዛል። ችግሩ ከስልኩ እስከ ሰፈራችን የኔትወርክ ምሰሶ ባለው አየር ላይ ሁለቱም አብረው መጋፋታቸው ነው። ስልኮቹ በሙሉ በአንድ ሞገድ፣ በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ ምሰሶው የሚለያያቸው ለእያንዳንዳቸው በተሰጠው ኮድ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው በየቋንቋው ቢያወራ፣ የራስዎን ቋንቋ ተናጋሪ ለይተው እንደሚሰሙት ማለት ነው። ሰው ሲበዛ ግን ጫጫታው ይበዛል፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው አይሰማም። ስለዚህ ተጠቃሚ በበዛ ቁጥር ምሰሶው የሚሸፍነው ክብ ይጠባል፣ ሲቀንስም ይሰፋል። «ጋሼ፣ እኛ ምሰሶው ይተነፍሳል ነው የምንለው» አለችኝ። መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን። እኔ በበኩሌ የኋላው ተማሪ ካልሰማኝ እስከ ኋላ ሄጄ እደግምለት ነበር፤ ይህ ግን የድሮ ሰው ዘዴ ስለሆነ እርስዎን አያስገድድም።

ሁለተኛ፤ አርባ አንድ ቀን ሙሉ ስልክ በአንድ እጄ፣ ጠመኔ በሌላው ይዤ ኔትወርኩ የሚደርስበትን እያሰመርኩ ለክቻለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ወጥ ቤታችን ይገባል። አራት ሰዓት ላይ ወደ ግቢው በር ያፈገፍጋል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከቤቴ አንድ መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ አናጺው በር ላይ ይቆማል። አናጺው «ጋሼ፣ እንግዳዎ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው ያረፈው፤ ይግቡና ይጠይቁት» እያለ ይቀልድብኛል፤ መቀመጫ በርጩማም ሠርቶልኛል። ስልኩን ለእሱ አደራ እንዳልሰጥ፣ በመጋዙ ጩኸት ሁለት ጥሪ አሳልፎብኛል። የቀድሞውን የመስመር ስልካችንን ደግሞ ምሰሶው ሲተከል «ከእንግዲህ ምን ያደርግላችኋል» ብላችሁ ነቅላችሁልናል። ለዚያም አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ ባለቤቴ ብቻዋን እንዳትሆን አዟል። ከእሷ ጋር ብቀመጥ ሆስፒታሉ አያገኘኝም፤ ሆስፒታሉ እንዲያገኘኝ ብወጣ ብቻዋን ትቀራለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ታቅፋ እየመጣች አጠገቧ ትውላለች፤ እሷም ግን ደንበኛ አላት። ባለፈው ዓርብ ስወጣ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ስልኩን?» አለችኝ። ሳቋን ሳትጨርስ ትንፋሽ አጠራት።

ሦስተኛ፤ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዎ «አባባ፣ የኔትወርክ ሽፋን ካርታው ላይ እኮ ቤትዎ አረንጓዴ ነው» ብላ አብሥራኛለች። ቤት ገብቼ ባለቤቴን እንኳን ደስ አለሽ ብያታለሁ።

አራተኛ፤ በጽሑፍ ላስገባሁት ቅሬታ በጽሑፍ መልስ ስለሰጡኝ አከብርዎታለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ደንበኛው በስልክ በተደጋጋሚ ተፈልገው ስላልተገኙ ቅሬታው ተዘግቷል።» በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ጥያቄውን ራሱን መልስ አድርጎ ያቀረበልኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ምን ያደርጋል? ክቡር ሆይ፣ ምሰሶው ላይ ሁለተኛ ሞገድ መክፈት የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነ ተነግሮኛል። የጎደለው ፊርማዎ ብቻ ነው፤ ወረቀቱም ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ሁለተኛው ተራዋ ከሚመጣው ሰኞ እስከ ረቡዕ ባሉት ቀናት እንደሚሆን ነግሮናል። ሦስተኛ ተራ ይኖራት እንደሆነ ሐኪሙን ስጠይቀው፣ «ይህኛው አይለፋችሁ» አለኝ። እለምንዎታለሁ፣ ይፈርሙ።

ብዕርዎ ቀለም አይንጠፍባት፤ ወንበርዎ አይነቅነቅ፤ የሚወዱት ሰው ሁልጊዜ ከክቡ መሀል ይኑርልዎ። በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሳው፣ ከክቡ ጫፍ ወዲያ ያለሁት ታማኝ ደንበኛዎ፣

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከድርጅትዎ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለደንበኞችዎ ሁሉ ገደብ የሌለው ነፃ ቪዲዮ አበርክተዋል። ከተማው በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ክቡ የት ድረስ እንደሚጠብ ለመገመት ሞክሬ እርሳሴን አስቀመጥኩ። እግዜር ይስጥልኝ፤ የእኔንና የባለቤቴን ድርሻ መልሻለሁ፣ የሌላውን ሰው ድርሻ ግን መመለስ አልችልም። ስለዚህ ሦስቱን ቀን ምሰሶው ሥር እቀመጣለሁ። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ሳምንት የሙሽራ ልብስ ስለምታደርስ መምጣት አትችልም። እንግዲህ ክቡርነትዎ ወይ ስጦታውን ይሰርዙ፣ ወይ መጥተው ከባለቤቴ አጠገብ ይቀመጡልኝ።