ጀልባዎቹን የምመራው እኔ ነኝ

ቬርሊን፣
እንኳን ደስ አለሽ በይኝ! አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ ጀልባዎቹን ባሕሩ ዳር ባለው የማንግሮቭ ደን ውስጥ የማሰሩን ልምምድ ዛሬ የምመራው እኔ ነኝ።

በስብሰባው ላይ አጎት ኮስኔል "ከመጽሐፍ ተምራ ነው ጀልባዬን የምታስረው?" ሲሉ ማን አብሯቸው እንደሳቀ አልጽፍም፤ ራስሽን ታውቂያለሽ።

ትናንት ማዕበሉ ሲነሳ ግን እሳቸው ባጭሩ ጠፍረው ያሰሯት ጀልባ አጋደለች፤ እኔ ገመዷን ያላላሁላት እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈች። "በቃ፣ አንቺው ምሪን" አሉኝ፣ ጢማቸውን እያከኩ!

መስኮቶቹን የምንደፍንበት ጣውላ አልጋዬ ሥር ነው፤ ልኩን ሞክሪው። በርሜሉንም ውሃ ሙዪው።

ገመድ ስላነሰኝ የልብስ ማስጫሽን ፈትቼ ወስጃለሁ። ቀሚሶችሽ ወንበሩ ላይ ናቸው። አልደረቁም።
እንግዲህ...

መንደሩ ሁሉ ባሕር ዳር ወጥቶ ያየኛል። አንቺ ካልመጣሽ ግን ማሸነፌ አይጥመኝም። ይህን ለማንም ትናገሪና ውርድ ከራሴ!

ኢያንት