አባባ የፈረሙባቸው ሁለት ቅጾች

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት የእስር ቤቱ ጠባቂዎች ይከፍቱታል። ያንብቡት። ዐቃቤ ሕጉ ጋ ቢደርስም ግድ የለኝም፤ ሰኞ ምስክር ሆኜ ስቆም የምናገረው ይህንኑ ነውና። እኔ የምፈልገው በሰው ፊት ከእኔ አፍ ከመስማትህ በፊት ብቻህን ሆነህ እንድታነበው ነው።

ጠበቃህ ረቡዕ ዕለት እኔ የምሠራበት የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ድረስ መጥቶ አነጋግሮኝ ነበር። ምን ብላችሁ ልትከራከሩ እንዳሰባችሁ ነገረኝ። አጎቴ ዶይል የአባቱን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ የተመዘገቡበትን ፓርቲ ቀየረባቸው፤ አንተ ቨርሎን ስተርጊል ደግሞ ይህን በዓይንህ ስታይ ደምህ ፈላ። ለፍርድ የሚቀመጡት አሥራ ሁለቱ ሰዎች የዚህ ሸለቆ ልጆች ናቸው፣ ይገባቸዋል አለኝ። ዶይል በሐሰተኛ ፊርማ ይከሰሳል፣ የወህኒ አለቅነቱንም ያጣል ብሎ ሳቀ።

አባዬ፣ ዶይል አልፈረመም። የፈረሙት አባትህ፣ አባባ ራሳቸው ናቸው፤ እኔው ፊት። ቅጹን የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ።

ይህችን ለመጻፍ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

እኛ ቤት ሪፐብሊካን ማለት ስድብ እንደነበር አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አባባ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ በልተው ሲጠግቡ ሸሚዛቸውን ገልጠው ትከሻቸውን ያሳዩን ነበር። በአድማው ጊዜ የከሰል ኩባንያው ዘበኞች የተኮሱባት ጥይት የገባችበት ቦታ አውራ ጣቴን ይውጥ ነበር። «ይህን ያደረገ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይህን ያከመኝስ ማን ነው?» ይሉኝና «ኩባንያው፤ ማኅበሩ» የሚለውን መልስ እንደ ጸሎት ያስደግሙኛል። የሠራተኛ ማኅበሩና ዴሞክራቱ ለእሳቸው አንድ ነገር ነበሩ። ዶይል በአሥራ ሁለት ዓመቱ የፓርቲው ምልክት የሆነችው የዝሆን ሥዕል አምራው የሪፐብሊካን ዕጩ ተለጣፊ ብስክሌቱ ላይ ለጥፎ መጣ። አባባ ብስክሌቱን በመጥረቢያ ከታተፉትና ቀበቶ ፈትተው ወደ ልጁ ዞሩ። መሀል ገብተህ ግርፋቱን በጀርባህ የተቀበልክለት አንተ ነህ። ይህንንም የነገርከኝ አንተ ነህ። ከነገርከኝ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር።

ከዚያ ማዕድኑ ተዘጋ፣ ሰዉም ተለወጠ። መጀመሪያ በልቡ ብቻ ነበር። ለፕሬዚዳንት ሪፐብሊካኑን ይመርጣል፣ ስሙን ግን ከዴሞክራት መዝገብ አያወጣም፤ እኛ አገር ሸሪፉም ዳኛውም የወህኒ አለቃውም የሚለየው በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ነዋ። በአንድ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚመርጠው በፓርቲው መዝገብ ላይ ያለ ብቻ ነው፤ ከሌለህ ያ ቀን ያልፍሃል። ጋብቻው ሞቶ የቤቱ ዕዳ ገና ያልተከፈለ ባልና ሚስት በለው። በኋላ ግን ዕዳውም ተከፈለ፤ ሰዉ ከመዝገቡም መውጣት ጀመረ።

የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት በዚህ ላይ እንደነበር ታስታውሳለህ። ሰማያዊው የዴሞክራቶች መስመር ሲወርድ፣ ቀዩ የሪፐብሊካኖች ሲወጣ፣ መሀል ላይ ሁለቱ የሚተላለፉባት ነጥብ። መምህሬ ነጥቧን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ግሩም» አለኝ። ያንን ወረቀት ይዤ ወደ አገሬ ስመለስ አንድ ነገር የማቃና መስሎኝ ነበር። የመራጮችን መዝገብ በምትይዘው በካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ ውስጥ መስኮት ላይ አስቀመጡኝና ፓርቲ የሚቀይረውን ሰው ቅጽ መቀበል ሆነ ሥራዬ። አንዳንዱ እየሳቀ ይመጣል። አንዳንዱ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል። አንዲት ባልቴት ባሌ እንዳይሰማ አደራ አለችኝ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

ዶይል ቀይሮ ለወህኒ አለቅነት በሪፐብሊካን በኩል እወዳደራለሁ ሲል የሆነውን ላንተ አልነግርህም፤ አንተው ነህ ያደረግከው። በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ የተቆራረጠውን የተርኪ ዶሮ ጥብስ ከነሳህኑ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥከው፤ ስቡ እየተንጠባጠበ ሹካ ጨብጠህ ጠረጴዛውን ዞርክ። እናቴ ወገብህን ባትይዝ ኖሮ የግንቦቱን ነገር ያኔውኑ ትጨርሰው ነበር። በሳምንቱ የዶይል መኪና አራቱም ጎማ በቢላ ተቀደደ። ከዚያ አዳኝ ውሻው ተመርዞ፣ አረፋ ደፍቆ በረንዳው ላይ ሞቶ ተገኘ። እኔ አይደለሁም አልክ። አላመንኩህም። አሁንም አላምንህም።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ለግንቦት ቅድመ ምርጫ ፓርቲ መቀየር የሚቻለው እስከዚያች ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈች አለፈች። ቢሮው ከቀትር በፊት ሊዘጋ ሲል አባባ በዱላቸው በሩን ገፍተው ገቡ። ማን እንዳመጣቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮፍያቸውን አውልቀው እንደማያውቁኝ ሰው መስኮቴ ላይ ቆሙ።

«ያንን ወረቀት ስጪኝ» አሉኝ።

«የቱን ወረቀት፣ አባባ?»

«ሰዉ ሁሉ የሚወስደውን።»

የቀለዱ መስሎኝ ታመሙ እንዴ አልኳቸው። አልሳቁም። በዱላቸው ጫፍ ወለሉን ወጉት።

«ልጄ ተወዳድሮ እኔ አባቱ በር ላይ ቆሜ ልይ? ፓርቲውን አይደለም የምመርጠው፤ ያንን ጅል ነው። ብስክሌት አለብኝ የእሱ።»

ቀኝ እጃቸው በጥቅምት ከመታቸው ሕመም ወዲህ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥላ እንደቀረች ታውቃለህ። አንተ የማታውቀው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ስማቸውን በግራ እጃቸው መጻፍ ሲለማመዱ መክረማቸውን ነው። ምላሳቸውን ነክሰው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ኤስቲል ስተርጊል ብለው ፈረሙ። ከግንቦቱ ነገር በኋላ በዋስ በወጣህባት ቀን ቢሮ ገብተህ ያየኸው፣ «ይህ የአባቴ እጅ አይደለም» ብለህ መስታወቱን በቡጢ ሰብረህ ዳግም የታሰርክበት፣ ያ ጠማማ ጽሑፍ የእሳቸው ነው። እጅህን በፎጣ የጠቀለልኩልህ እኔ ነበርኩ። ያኔም ዝም አልኩ።

ፈርመው ሲያበቁ ሁለተኛ ቅጽ ጠየቁኝ። የመመለሻውን። ከምርጫው በፊት ላስገባው አልችልም አልኳቸው። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። በማግስቱ ትመልሺኛለሽ። ሪፐብሊካን ሆኜ ከሞትኩ አያትሽ ከጎኗ አታስተኛኝም» አሉኝ። እሱንም ፈረሙ። ከዚያ ጣቴን በግራ እጃቸው ጨምድደው ያዙኝ።

«ለቨርሎን እንዳትነግሪው። ከነገርሽው ወይ ወንድሙን ይገድለዋል፣ ወይ እኔ እሞታለሁ።»

እኔም ማልኩላቸው። ዝም ብዬ ሁለቱንም አመጣሁት።

የግንቦቷ ማለዳ እንደ ወትሮው ነበረች። በፒክአፕህ አባባን ይዘህ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጣህ፤ ስንጨርስ ትኩስ ብስኩትና የቋሊማ መረቅ ልንበላ ነበር። እኔ ከቢሮ ተልኬ የድምፅ መስጫ ማሽኑ አጠገብ ቆሜያለሁ። ወይዘሮ አይሞጂን፣ አርባ ዓመት መዝገብ ላይ የተቀመጠችው፣ ስክሪኗን አየችና በዚያ የቤተ ክርስቲያን ድምጿ አነበበችው፤ «ኤስቲል ስተርጊል። ሪፐብሊካን።» አንተ ሳቅክ። መነጽርሽን ጥረጊ አይሞጂን አልካት። እሷም ስክሪኑን ወደ አንተ አዞረችው።

«አባባ፣ አንተ ነህ የቀየርከው?» አልካቸው።

አባባ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። አገጫቸውን በጥቂቱ ወዘወዙ፤ አደራሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ያ በጥይት የማይርድ ሰውዬ የአንተን ፊት አይቶ ፈራ። «እኔ እንጃ፣ ስህተት ይሆናል» አሉ።

ቅጹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አራት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች፣ ምላሴ ላይ ክብደቷ ይሰማኝ ነበር። ዋጥኳት። አንተ በሩን በርግደህ ስትወጣ ገና እየዋጥኳት ነበር።

ዶይል ከበሩ መቶ ጫማ ርቃ ከተቀባችው ነጭ መስመር ማዶ፣ ለዕጩዎች በተፈቀደው ቦታ ዶናት እያደለ ቆሟል። አንተን ሲያይ እጁን ዘረጋ። ልትጨብጠው የመጣህ መስሎት ነበር አባዬ። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። አንተ የራሱን ስም የተሸከመችውን የቅስቀሳ ሰሌዳ ከነእንጨቷ ከመሬት ነቀልካት። የመጀመሪያው ምት መንጋጋው ላይ አረፈ፤ ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ፣ ጥርሶቹ ዶናቱ ሣጥን ውስጥ ረገፉ። በሁለተኛው ወደቀ። ሰሌዳዋ ተገንጥላ በእጅህ የቀረው ስንጥር እንጨት ነው። አልተከላከለም። ደም በሞላው አፉ «ቨርሎን፣ ምን አደረግኩህ?» አለህ። አንተ ስንጥሩን ዓይኑ ውስጥ ወረወርከው።

ሦስት ሰዎች አነቁህ። የአንዱን ክንድ ነከስክ። ምክትል ሸሪፉ ጉልበቱን ማጅራትህ ላይ ተክሎ እንኳ እግርህ ወደ ዶይል ይራገጥ ነበር። ስዞር አባባ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዱላቸው የለም። የምርጫ ወረቀታቸው አይሞጂን ጠረጴዛ ላይ ባዶዋን ቀርታለች። ለዚያች ወረቀት ብለው ሁለት ሳምንት ግራ እጃቸውን ያሠለጠኑት ሰውዬ ድምፅ አልሰጡም። ዶይል ደግሞ ያለእሳቸውም አሸነፈ፤ በሰፊ ልዩነት።

አባባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞቱ። መመለሻዋን ቅጽ በማግስቱ ላስገባ ቃል ገብቼ ነበር። ካስገባኋት ግን የመጀመሪያዋንም የተቀበልኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት። እንደዚያ ነው አባባን ሪፐብሊካን አድርጌ የቀበርኳቸው። አንተ በካቴና ስለነበርክ ቀብራቸው ላይ አልነበርክም። ዶይል አንድ ዓይኑን በፋሻ ጠቅልሎ ሣጥኑን በፊት በኩል ተሸከመ፤ በአንተ ቦታ።

ዶይል በኅዳሩ ዋና ምርጫም አሸንፎ በጥር ሥራውን ሲረከብ አንተን ወደ ጎረቤት ካውንቲ እስር ቤት ያዘዋወሩህ ወንድም ወንድሙን አይጠብቅም ተብሎ ነው። አባባ ለእሱ ብለው መፈረማቸውን እሱም እንደማያውቅ ታውቃለህ? አባባ ሊመርጡህ ነበር እኮ ብዬ አንድ ቀን ልነግረው ዳር ዳር ስል፣ ቀድሞኝ «እኔን? ብስክሌቴን በመጥረቢያ የከተፈው ሰውዬ? ተይው ባክሽ፣ ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ መንጋጋው አሁንም ወደ ግራ ይሄዳል። አባቱ ለእሱ ብለው ከትከሻቸው ጥይት ጋር እንደተጣሉ ሳያውቅ ሊኖር ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሄጄ እነግረዋለሁ። አንተ ቀድመህ እንድታውቅ ግን ይህን ዛሬ ጠዋት በእጄ እስር ቤቱ በር ላይ አደርሳለሁ።

የፈረሙባትን ቅጽ ቆልፌ ስለደበቅኩ ሥራዬን እንደማጣ ነግረውኛል። ይሁን። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እግር አለኝ፣ የማንኳኳው በር አላጣም። መስመሩ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ አሁን ደግሞ መስመሩ ላይ ማን እንደቆመ አውቃለሁ። እዚህ አገር ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከአንተ የምለምነው ይህን ነው። ሰኞ ጠበቃህ የሐሰተኛ ፊርማውን ነገር ሊያነሳ ሲነሳ እጅጌውን ያዘው። ያኔ በልጅነትህ ቀበቶው ፊት እንደገባህ፣ መሀል ግባ። ፍርዱ እንደሚከብድብህ አውቃለሁ፤ የዓመታቱን ቁጥር ጠበቃህ ነግሮኛል። አንተ ባትይዘውም እኔ እናገራለሁ። ግን አንተ ብትቀድመኝ፣ ዶይል በቀረችው ዓይኑ የሚያየው አንተን ይሆናል።

የሁለተኛዋን ቅጽ ቅጂ ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ልብ ብለህ እያት፤ በግራ እጅ የተጻፈች ናት፣ ስተርጊል ላይ ቀለሙ ተዝረክርኳል፣ ፓርቲ በሚለው ቦታ ዴሞክራት ትላለች። አባባ ከአንተ አልሄዱም ነበር። ለአንድ ቀን ወደ ሌላው ልጃቸው ደርሰው ሊመለሱ ነበር። ዋናዋን አሁን ላስገባት ብዬ አለቃዬን ጠይቄያት ነበር፤ የሞተ ሰው ፓርቲ አይቀይርም፣ ስማቸው ከመዝገቡ ተሰርዟል አለችኝ። ዛሬ አባባ የማንም አይደሉም፤ የአንተና የዶይል ብቻ ናቸው።

ሰኞ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ከአንተም ከእሱም እኩል ርቀት ላይ።

ዝም ያለችብህ ልጅህ፣
ኬንድራ