ያልሰጠሁት ኩላሊት

ጥቅምት 1፣ ዓርብ

ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ነው። አሥረኛ ክፍሎችን ስፖርት ማሠራት አልቻልኩም፤ ክፍል ውስጥ የእግር ኳስ ሕግ አስተማርኳቸው። ግማሾቹ ተኙ። እኔንም እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።

እህቴ ራሄል ከአዲስ አበባ ደወለች። ከዲያሊሲስ ወጥታ ታክሲ እየጠበቀች። ድምጿ ቀጥኗል። "እንዴት ነሽ?" ስላት "ታጥቤ ወጣሁ" ትላለች፣ ልብስ ይመስል። በሳምንት ሁለቴ ደሟን የሚያጥበው ማሽን ላይ። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቷ። ዳምቦያ ከተማ የነበራትን ሥራ ትታ የአክስታችን ልጅ ቤት ከገባች ዘጠኝ ወር ሆነ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በሀድይኛ ብዙ አወራቻት። እኔ ወጥቼ የላላውን አጥር አሰርኩ።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ምን አድርጌ ነው የመጣሁት?

ቸርች ለራሄል ተጸለየ። መጋቢው "ኩላሊት የሚሰጣት ዘመድ ጌታ ያስነሳላት" አሉ። ተነሳሁ። እግሬ ነው የተነሳው፣ እኔ አይደለሁም። "ወንድሟ አለሁ፣ እሰጣለሁ።" እልልታ… አሜን… ጭብጨባ።

በር ላይ ስንቱ ጨበጠኝ። "አንተማ ስፖርተኛ ነህ!" "ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ምን ያስፈራሃል?" እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ላጤ የኖርኩት ለዚህ ቀን ይመስል።

እማዬ እጄን ይዛ አለቀሰች። ምሳ አልወርድ አለኝ። ጎኔን ሊከፍቱት ነው። ጤነኛ ጎኔን።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

በቡታጅራ በኩል መጣሁ። መንገዱን ሁሉ እጄ ጎኔ ላይ ነበር።

የንቅለ ተከላውን ጉዳይ የምትከታተለው ነርስ ሲስተር ፀደይ ትባላለች። ፈጣን ናት፣ ሰው አታባብልም። "መስጠት መፈለግ ብቻ አይበቃም፣ ብቁ መሆን አለብህ" አለችኝ። የደም ዓይነት፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ጉበት፣ ኤች አይ ቪ፣ ልብ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት በጀሪካን። ዝምድናችንን የሚያሳይ ወረቀት ከቀበሌ።

በአንዱ እንድወድቅ እየጸለይኩ ነው። ትንሽ ስኳር… ትንሽ ግፊት… የማይገድል ነገር። ጌታ ሆይ፣ ይሄን ጸሎት አትስማ። ወይም… አላውቅም።

ህዳር 13፣ ዓርብ

ሁሉንም አለፍኩ።

"ደማችሁ አንድ ነው፣ ኦ" አለ ሐኪሙ። "የሁለታችሁን ደም አንድ ላይ አድርገን አየን፣ አልተጣላም።" ኩላሊቶቼን ስክሪን ላይ አሳየኝ። "ግራውን ነው የምንወስደው።" የምንወስደው አለ፣ እንደዋዛ።

"ሰጪ ይሞታል?" አልኩት።

"በጣም አልፎ አልፎ። ከአሥር ሺህ ሦስት ሰው ገደማ።"

ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን አሥር ሺህ ሰው የሞላበት ስታዲየም ታየኝ። በድምፅ ማጉያ ሦስት ስም ሲጠራ… አንዱ የኔ ነበር።

ራሄል ውጭ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ፊቷ አብጧል። "አቤ፣ እውነት? አለፍክ?" አለፍኩ አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ህዳር 18፣ ረቡዕ

ሰጪ ብቻውን የሚገባበት ክፍል አለ። ቤተሰብ አይገባም። አንዲት ረጋ ያለች ሐኪም።

"ያስገደደህ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንቅልፍ ትተኛለህ?"

በሩን አየሁ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። ካልፈለግክ ምክንያቱን ለማንም አንናገርም። 'ለመስጠት አይሆንም' ብቻ ነው የምንላቸው። ማንም አይወቅስህም።"

እንዲህ ያለ በር መኖሩን አላውቅም ነበር።

"አልፈልግም" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። አልተቆጣችኝም፣ ጻፈች። ብትቆጣኝ ምናለ!

ለራሄል ሲነግሯት በበሩ መስታወት አየሁ። እሺ እንደማለት አንገቷን ነቀነቀች። ወጥታ አቀፈችኝ። እኔን! "አይዞህ አቤ። አንተ ምን ታደርጋለህ።"

ህዳር 19

ተኛሁ። ከወር በላይ ሆኖኛል እንዲህ ከተኛሁ። አፈርኩበት።

ህዳር 27፣ ዓርብ

እማዬ አልለቀቀችኝም።

"ምን አግኝተውብህ ነው አይሆንም ያሉት?"

"ምንም።"

"ምንም ካላገኙ ለምን አይሆንም አሉ?"

ከወጡ ላይ ጨው ቀነሰች። የሽንቴን ቀለም ትጠይቃለች። ዛሬ ተማሪዎች ሳስሮጥ በአጥሩ በኩል ቆማ አየኋት። የመጣችው እንዳልወድቅ ልትጠብቀኝ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ ግፊት ያለባት ሴት፣ ያንን ዳገት በእግሯ ወጥታ።

እነግራታለሁ… ምን ብዬ?

ታህሳስ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ስትጸልይ ሰማኋት። ግድግዳው ስስ ነው። በሀድይኛ ነው የምትጸልየው። "ሁለቱንም አትውሰድብኝ። አንዱን ተውልኝ።"

ሁለቱንም። እኔንም እየቀበረችኝ ነው።

ገነቴ ከሾኔ ደወለች። የሁላችን ታናሽ፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ ሁልጊዜ ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ የማይጠፋባት። "እኔ ልመርመር" አለች።

"ሁለት ልጆች አሉሽ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ታዲያ ማን ቀረ? እማዬ አትችል፣ አንተ ታመሃል…"

ስልኩን ዘጋሁ። ኔትዎርክ ነው ልላት ነው።

ታህሳስ 20፣ እሑድ

ነገርኳት።

ከቸርች መልስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። "እማዬ፣ አልታመምኩም። ሐኪሞቹ ምንም አላገኙብኝም። እኔ ነኝ አልፈልግም ያልኩት። ፈርቼ ነው።"

መጀመሪያ የያዘችው ፊቴን ነው። "አልታመምክም? በጌታ ስም? አልታመምክም?" ሳቀች፣ እያለቀሰች ሳቀች። "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ልጄ ጤነኛ ነው!" ጉልበቴን፣ እጄን፣ ያገኘችውን ሳመች።

ከዚያ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ሳቁ ከፊቷ ወረደ።

"እሷስ?"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታህሳስ 23፣ ረቡዕ

ሲስተር ፀደይ ጋ ደወልኩ። "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" አልኳት።

"ማን ቀየረህ?"

"ራሴ።"

"ፍርሃቱስ?"

"አለ። ከነፍርሃቴ ነው።"

እንደገና ብቻዬን እንደምጠየቅ፣ የደም ምርመራውም እንደሚደገም ነገረችኝ። "ለምን ይደገማል?" ስላት፣ ራሄል ባለፈው ሳምንት ደሟ በጣም ወርዶ ወድቃ እንደነበረ፣ ሁለት ከረጢት ደም እንደተሰጣት ተናገረች። ራሄል ለኛ አልነገረችንም። እንዳንደነግጥ ይሆናል። ወይስ እኔ "በሽተኛው" እንዳይብስብኝ?

ጥር 9፣ ዓርብ፣ አዲስ አበባ

የድጋሚ ምርመራው ውጤት ወጣ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ያኔ ገባኝ። የምሥራች ሲሆን ቆመው ነው የሚናገሩት።

"አሁን ደማችሁ ተጣልቷል" አለኝ። የሰው ደም ስትወስድ ሰውነቷ መከላከያ አበጀ። ያ መከላከያ የኔንም ኩላሊት እንደ ጠላት ያየዋል። ቢተከልላት እዚያው ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሊበላሽ ይችላል።

"መድኃኒት የለውም?"

"እዚህ እኛ ጋ ይህን የሚያስተካክል ሕክምና የለንም። ሌላ ሰጪ ብንፈልግ ይሻላል።"

"ዶክተር… በህዳር ብሰጥ ኖሮ?"

ሊዋሸኝ ይችል ነበር። አልዋሸኝም።

"በህዳር ይሆን ነበር።"

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ለራሄል ሁሉንም ነገርኳት። ያንን ክፍል፣ ያልኩትን፣ እሷ አቅፋኝ ያጽናናችኝን። አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። የማሽኑ መርፌ የሚገባበት ክንዷ ተቋጥሮ አብጧል። አላቋረጠችኝም።

"ጨረስክ?" አለች።

"አዎ።"

"ፈራሁ ብትለኝ እኮ… እኔም ፈሪ ነኝ። ይገባኝ ነበር። አንተ ግን አስለቀስከኝ፣ ላንተ። ታመመ ብዬ ጾምኩልህ።"

"ራሄሌ…"

"ሂድ አቤ። ዛሬ ሂድ።"

ሄድኩ። መናኸሪያ ድረስ በእግሬ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ራሄል ስልኬን አታነሳም። ከእማዬ ጋር ስታወራ ጎን ቆሜ ድምጿን እሰማለሁ።

ገነቴ ምርመራ ጀምራለች። ባሏ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ አልፈርድበትም። ቸርች ዛሬ ተጸለየላት። "ወንድማችን አበራ በሕመም ምክንያት ስላልቻለ…" አሉ መጋቢው።

ተነሳሁ። "አልታመምኩም። ፈርቼ ነው እምቢ ያልኩት። ኋላ ልስጥ ብል ጊዜው አልፎ ነበር።"

የተሰማው የአንዲት ሴት ሳል ብቻ ነው። ሲወጡ አንድ ሽማግሌ "ይሄን እንኳ ባትናገር ጥሩ ነበር" አሉኝ። ይሆናል።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

የገነቴ ደም ከራሄል ጋር አልተጣላም። ጥርጣሬ ነበረኝ፤ ከአንድ ማህፀን ወጥተን… ሲስተር ፀደይ "እህትና ወንድም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም" አለችኝ።

ዛሬ ገነቴ ያቺ ክፍል ብቻዋን የምትገባበት ቀን ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ገበያ ውስጥ አሥር ሰው በአንድ አፍ የምትረታ ሴት…

"ገነቴ፣ እምቢ ማለት ትችያለሽ" አልኳት። "ካልፈለግሽ ለእማዬም ለራሄልም እኔ እነግራለሁ። እውነቱን ነው የምነግራቸው፣ አጠገብሽ ቆሜ።"

"እንድቀር ትፈልጋለህ?"

ምን ልበላት? "ሁለታችሁንም እፈልጋለሁ" አልኩ።

ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። አርባ ደቂቃ። ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። "ተስማማሁ" አለች። "ለሴትዮዋ እንደምፈራም ነገርኳት። ጥሩ ነው አለችኝ። ምኑ እንደሆነ ጥሩው!"

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሁለት በር። ገነቴ በአንዱ ገባች፣ ራሄል በሌላው።

ራሄል ከመግባቷ በፊት አየችኝ፣ ከዚያ ገባች።

እማዬና እኔ አንድ ወንበር ላይ። ዛሬ አፏ አይጸልይም፣ እጄን ብቻ ጨብጣለች። አምስት ሰዓት… ስድስት… በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ። አስከሬን የጫነ አልጋ በኮሪደሩ አለፈ። የሌላ ሰው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ፀደይ ጭንብሏን አውርዳ መጣች። "ኩላሊቱ ራሄል ውስጥ ገብቶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሽንት ሰጠ።" እማዬ እልል አለች። ጥበቃው "ማዘር፣ በሽተኛ አለ" ቢላት ማን ሊሰማው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ሐኪሞቹ ገና አደጋው አላለፈም ይላሉ። ሰውነቷ ሊቃወመው ይችላል፤ በዚህ ሳምንትም፣ በዚህ ዓመትም። መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ ነው የምትወስደው። ራሄል ለብቻዋ ክፍል ናት፣ ሰው አይገባም።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ራሄል። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ለማንሳት ቁልፉን ሁለቴ ሳትኩት።

"አቤ።"

"አቤት።"

"ገነቴ እንዴት ናት? እነሱን ስጠይቅ ደህና ናት፣ ደህና ናት ይሉኛል። አንተ ንገረኝ።"

"አሟታል" አልኳት። "ሌሊቱን አለቀሰች። ጠዋት ትኩሳት ነበራት፣ አሁን ወርዷል። ደግፈናት ስድስት እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ ተሳደበች። ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታለች።"

"ማንን ተሳደበች?"

"እኔን።"

ትንሽ ሳቅ ነገር ሰማሁ። ወዲያው ሳቁ ቁስሏን ነክቷት "ኧረ ጎኔን" አለች። ትንፋሿን እሰማለሁ።

"ነገም ደውለህ ንገረኝ" አለች። "እንዲሁ፣ እንዳለው።"

እሺ አልኳት። ጠዋት የሐኪሞቹ ጉብኝት ሳይጀመር ገነቴ ጋ እገባለሁ። ትኩሳቱ ተመልሶ ቢሆንስ?… ተመልሶም ከሆነ እነግራታለሁ።