የግርማ ዲናሞ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም ቮልሷ መንገድ ላይ ቆመች። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ጠፋ። ባለቤቴ እቴነሽ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በደህናው እጇ መያዣውን ጨብጣለች። ከኋላ የጥሩምባው ብዛት! ሁለት መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዙን።

ሕክምናው አመለጠን። በስትሮክ ግራ ጎኗ ከተያዘ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሥላሴ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ እወስዳታለሁ። እጅና እግሯን ያሠሯታል። ሚኒባስ ላይ መውጣት አትችልም። በስልክ የሚጠራውን ታክሲ አንድ ቀን ሞክረን ነበር፤ ሾፌሩ አቅፎ ሲያስገባት አለቀሰች። "በቮልሷ ብቻ" አለችኝ። አሮጌዋ ቮልሳችን ዝቅ ያለች ናት፤ እቴነሽ ቀስ ብላ በራሷ ትገባለች።

ባትሪው መሰለኝ። ቻርጅ እንዲደረግ ሰጥቻለሁ።

ማክሰኞ 11

ባትሪው አይደለም። ቻርጅ ተደርጎ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ በጣቴ ተጫንኩት፤ አልላላም። እውቀቴ እዚያ ላይ አለቀ።

ተካ ዘንድ ወሰድኳት። ተካ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ይሠራበት የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ጊዮርጊስ ጀርባ አንድ ግቢ ተጠግቶ ይሠራል። በቴስተር ለካና "ጋሼ፣ ዲናሞው ለባትሪው ምንም እየላከለት አይደለም" አለኝ። ቺንጊያውን አውጥቶ ዲናሞውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ጤነኛ ቢሆን እንደ ሞተር ይዞር ነበር አለ። አልዞረም። የተቃጠለ ሽቦ ሸተተን።

"ይቺ ልጅ ጡረታ ከጠየቀች ቆይታለች። እርስዎ ነዎት ደብዳቤውን ያልፈረሙላት።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ረቡዕ 12

ስንት የመለዋወጫ ሱቅ ዞርኩ! የለም። አንዱ "አባቴ፣ ይሄ ዕቃ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል" አለኝ። ከውጭ ለማስመጣት ወራት ይፈጃል። ዛሬም ሕክምና ቀረ። የእቴነሽ ጣቶች ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀምረዋል። ሐኪሟ "ካቋረጠች ያገኘችውንም ታጣለች" ብላ አስጠንቅቃን ነበር።

ከሰዓት ተካ ደወለ። "ጋሼ፣ አንድ አለ! የጋሽ ግርማ ቮልስ። እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ፣ ከቆመችበት አልተነሳችም። ባለቤታቸውን ያናግሯቸው።"

ተካ ሌላውን አያውቅም።

ግርማ ጓደኛዬ ነበር። ሃያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ቮልሶቹን የገዛነው በአንድ ቀን ነው፣ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ሁለት የውጭ አገር አስተማሪዎች። ኋላ ግርማ ጴንጤ ሆነ። አንድ ሠርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ካንተ ጋር ማዕድ አልቆርስም" አልኩት። ሳህኑን አስቀመጠ፣ ሚስቱን አስቴርን ይዞ ወጣ። ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኝ ነበር፤ እኔ ዞሬ የሱቅ መስኮት አይ ነበር።

ሲሞት እቴነሽ ብቻዋን ለቅሶ ደረሰች። እኔ ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። አላመመኝም ነበር።

ሐሙስ 13

የግርማን ቤት በር ሁለት ጊዜ አልፌ ሄድኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ።

አስቴር ከፈተች። ሸብታለች። "ይግቡ" አለችኝ። ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ። ቮልሷ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ስለ እቴነሽ እጅ፣ ስለ ዲናሞው ተንተባተብኩ። ሁሉንም ሰማችኝና፦

"ለቅሶ ያልደረስክ ሰው ለዲናሞ መጣህ?"

ልወጣ ተነሳሁ።

"ተቀመጥ" አለች። "መጀመሪያ ለቅሶህን ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ሕመሙ የኩላሊት እንደነበር፣ ስምንት ወር እንደተኛ፣ በመጨረሻው ሰሞን ውሃ እንኳ በማንኪያ ትሰጠው እንደነበር ነገረችኝ። አለቀስኩ። አላባበለችኝም። ትንሽ ሲወጣልኝ "ስሜን አንስቶ ያውቃል?" ብዬ ጠየቅኳት።

"መጀመሪያ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ኋላ ተወው። ስምህን አልጠራም። ልዋሽህ አልችልም።"

እንድትዋሸኝ ፈልጌ ነበር።

ስወጣ የቮልሷን ቁልፍ በእጄ አስያዘችኝ። "ለእቴነሽ ነው" አለች።

ዓርብ 14

ተካ ጠዋት መጥቶ ሸራውን ገፈፈ። የመኪናዋ ጎማዎች ተኝተዋል። ካርቡራተሩን አነሳ፣ የማራገቢያውን ቤት ከፍ አደረገ፣ ዲናሞውን ነቅሎ አወጣ። እኔ የብሎን መፍቻና ካቻቢቴ አቀባይ ነበርኩ። አስቴር ከቤት አልወጣችም፤ መጋረጃው ግን ሁለቴ ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

ተካ ዘንድ ወስደን ከባትሪ ጋር አገናኘነው። ዞረ! ቀስ ብሎ፣ እያንሿሿ። ውስጡ ያለቀውን ካርቦን ቀየረ፣ ዝገቱን ጠረገ፣ ከኛ ቮልስ ላይ ገጠመው። ነዳጅ ስሰጣት ቀይ መብራቱ ጠፋ። ተካ አጨበጨበ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። የሞተ ሰው እያገዘኝ ነው፤ እኔ በሕይወት እያለ ሰላምታውን እንኳ ከልክዬዋለሁ።

ቁልፉን ለአስቴር ስመልስ "መቃብሩን አሳዪኝ" አልኳት። እሷም፦ "እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ።"

እሑድ 16

ትናንት ቀናችን ባይሆንም ክሊኒኩ አዝኖልን ተቀበለን። እቴነሽ አውራ ጣቷን ትንሽ ዘረጋች።

ዛሬ አስቴርን ከበሯ ወሰድናት። እቴነሽ ካልሄድኩ ብላ ከፊት፣ አስቴር ከኋላ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙን ሳነብ ሁሉም ጠፋብኝ። "ግርማ፣ ዘገየሁ" ብቻ አልኩ። አስቴር ጎንበስ ብላ አረም ትነቅል ነበር።

ስንመለስ በሯ ላይ ወርጄ "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"የሱን ይቅርታ እኔ ልሰጥህ አልችልም። የራሴን ደግሞ ገና አላገኘሁትም።"

ከዚያ ወደ እቴነሽ መስኮት ጎንበስ አለች። "ማክሰኞ መጥቼ ፀጉርሽን እሠራልሻለሁ።"

እቴነሽ በከበደው ምላሷ "እሱስ፣ ቤት ይሁን?" አለቻት።

አስቴር አየችኝ። "እንደፈለገ" ብላ ገባች።

ቤት ደርሰን እቴነሽን ደግፌ እያስገባሁ፣ ማክሰኞ ልውጣ ወይስ ልቆይ ብዬ ጠየቅኳት። "ቤት ሁን" አለች።

ፈርቻለሁ። እሆናለሁ።