ለዳገቱ ብቻ፦ ስለ ሁለቱ ተሳቢዎች ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ሱሉልታ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር የጭነት ማኅበራችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
አዲስ አበባ።

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን በፍጹም ጤና፣ በሞቀ ቢሮና በሜዳ ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሜዳ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛ የሱሉልታ ሠራተኞችዎ ከዳገት ሥር የምንኖር በመሆናችን፣ ለምናከብረው ሰው ከጤና ቀጥሎ የምንመኝለት ሜዳ ነው። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም እግሮቼ ስላሉ ደኅና ነኝ።

ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ ጽፌልዎ ነበር። ጸሐፊዎ ክቡርነትዎ የረዳት ደብዳቤ ለመክፈት ጊዜ እንደሌለዎ በትሕትና ስላስረዱኝ፣ ይህኛው መከፈቱ ማንንም እንዳያደክም ክፍት አድርጌ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ማራገፊያዎቻችን በር ላይ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ለሚገኝበት ስሕተት ይቅርታ እለምናለሁ። 

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ገብረየስ እባላለሁ፤ ከላስታ የመጣሁ የጭነት መኪና ረዳት ነኝ። ባለፈው ዓመት የሱሉልታን ማራገፊያ ሊመርቁ በመጡ ጊዜ በተደረደረ የጤፍ ጆንያ ላይ ቆመው፣ ከእናንተ መካከል አባት የሌለው ቢኖር ከዛሬ ጀምሮ እኔን አባቴ ይበል ብለው ነበር። ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔ አባት ስላልነበረኝ የምር አድርጌ ወሰድኩት። በዚያው ሳምንት ለእናቴ፣ በሰው አገር አባት አገኘሁ ብዬ ጻፍኩላት፤ እሷም እስከ ዛሬ ድረስ በጸሎቷ ስምዎን ታነሣለች። እንድታቆም ገና አልጻፍኩላትም፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኛል።

ከዚህ በታች የዘረዘርኩትን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ልጅ ምስጋና እንዲቀበሉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

፩ኛ፦ በአንድ መኪና ኋላ አንድ ተሳቢ ብቻ ይጎተት የነበረውን ያረጀ ልማድ ሽረው ሁለት ተሳቢ እንድናቀጣጥል ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ነዳጅ ተረፈ፤ የጎጃም ጤፍም በአንድ ጉዞ ገባ። የሱሉልታም ሕዝብ በነጻ ትርዒት አገኘ፤ ድርቆሽ የሚያጭዱት ገበሬዎች መኪናችን አልፎ እስኪያልቅ ድረስ ማጭዳቸውን ይዘው ቆመው ይመለከቱን ነበር። ከእነርሱ አንዱ ኦቦ ደቻሳ፣ በመንገዱ ዳር ሆነው "እናንተ ልጆች፣ ይኼ ባቡራችሁ ሐዲዱን የት ረስቶት መጣ?" እያሉ ይጠይቁን ነበር። እኛም "አባባ፣ ሐዲዱ ከኋላ እየመጣ ነው" እያልን እንስቅ ነበር። የሳቅነው እኛ ነን፤ በዚህ ክቡርነትዎን አልወቅስም።

፪ኛ፦ ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ ክቡርነትዎ በምቹ መኪና ስለሚያልፉበት ዳገት መሆኑን ልብ ላይሉት ይችላሉ። እኛ ግን ሁለቱን ተሳቢዎች በአንድ ላይ ይዞ መውጣት እንደማይሆን ስላየን፣ የራሳችንን መላ ፈጥረን ነበር። ከዳገቱ ግርጌ ቆመን የኋለኛውን ተሳቢ እንፈታለን፤ ከጎማው ሥር ታኮ የምንለውን ወፍራም እንጨት እንሸጉጣለን፤ መኪናው የመጀመሪያውን ተሳቢ ጫፍ አድርሶ እስኪመለስ ድረስ አንድ ረዳት ከታኮው አጠገብ ይቀመጣል። ታኮ ጠባቂ ከስፍራው አይነሣም። ይህን የሚያውቁ የሌላ ማኅበር ሾፌሮች ሳይቀሩ ሲያልፉ ጡሩምባ ነፍተው በመስኮት ዳቦ ይወረውሩለት ነበር። ይህ ሁሉ የሥራ ጊዜ ማባከን መሆኑን ስላሳወቁን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፫ኛ፦ ሾፌሮቹ አቶ ከድሩን መሪ አድርገው ቢሮዎ በመጡ ጊዜ፣ ወንበር ሰጥተው ሻይ አስመጥተው ስላስተናገዷቸው አመሰግናለሁ። ዳገቱን፣ ፍሬኑን፣ ተሳቢን ከተሳቢ የሚያያይዘውን ጋንቾ መሳሳት አንድ በአንድ ሲነግሩዎ ራስዎን እየነቀነቁ አዳምጠው፣ በሚገባ ይታሰብበታል ብለው ሸኟቸው። አቶ ከድሩ እኔ የምረዳው ሾፌር ነው። ከመኪናው ሳይወርድ "ልጆች፣ ሰውየው ሰው ናቸው! ሰምተውናል!" ብሎ ጮኸልን። በማግስቱ የታሰበበት ነገር ደረሰን፦ ተሳቢ በዳገት ላይ መፍታት ከእንግዲህ ክልክል ነው፤ የማይፈታ ተሳቢም ጠባቂ ስለማያሻው የኋላ ረዳቶች ተሰናብተዋል። አቶ ከድሩ ወረቀቱን ካነበብኩለት በኋላ፣ ሻዩ ግን ስኳር ነበረው አለ።

፬ኛ፦ ከተሰናበቱት አንዱ ቦጂያ ነበር፤ የኦቦ ደቻሳ ልጅ ነው። በዚህ ወር፣ መኪናችን ከወትሮው አብልጦ በተጫነበት ጠዋት፣ የስምሪት ሹምዎ ራሳቸው ፈርተው ቦጂያን ከአባቱ ድርቆሽ ማሳ አስጠሩት። ደመወዝ አልተነሣም፤ "ለዳገቱ ብቻ ውጣልን፣ ጫፍ ላይ ትወርዳለህ" ነው ያሉት። ቦጂያም ታኮውን በትከሻው አድርጎ እየሳቀ መጣ። "ገብሬ፣ ያለ እኔ አይወጣላችሁም አላልኩህም?" ብሎኝ ከኋለኛው ተሳቢ ላይ ወጣ። ከእርሱ የሰማሁት የመጨረሻው ሳቅ እርሱ ነው።

ጥምዝምዙ ላይ ስንደርስ ጋንቾው ተበጠሰ። ተሳቢው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ከጋቢናው ዘልዬ ወረድኩ፤ ከታች መንገዱ ገበያ በሚወጡ ሰዎችና ድርቆሽ በተጫኑ አህዮች ሞልቶ ነበር። ቦጂያ በሣሩ በኩል ቢዘል ኖሮ ዛሬ ማጭድ ይዞ በቆመ ነበር። እርሱ ግን በጎማው በኩል ዘሎ ታኮውን ሸጎጠ። ተሳቢው ዞሮ ከቦዩ ገብቶ ቆመ፤ ከገበያተኛው አንድም ሰው አልተነካም። የቦጂያ እግር ከጎማው ሥር ቀረ፤ ሆስፒታል ከደረሰ በኋላም ሐኪሞቹ ሊያድኑለት ስላልቻሉ ቆረጡት። ኦቦ ደቻሳ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሐዲዱ አልጠየቁንም።

አምስተኛውን ቁጥር መጻፍ አቃተኝ፤ እንዲሁ ይቀጥል። ማኅበራችን ለፖሊስ በሰጠው ቃል ቦጂያ የሚባል ሠራተኛ የለኝም፣ ሰውየው ያለ ፈቃድ ተሳፍሮ የተገኘ ነው፣ ጥፋቱም የሾፌሩ ነው ብሏል። እነሆ አቶ ከድሩ ታስሯል፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ራዲያ ከሰበታ ስንቅ ታመላልሳለች። ለእኔም ክቡርነትዎ መልእክተኛ ልከውልኛል። ሰኞ በፍርድ ቤት፣ ቦጂያ ከድሩን ለምኖ ሲሳፈር አይቻለሁ ብዬ ብመሰክር፣ ማኅበሩ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ ያስተምረኛል። ሾፌር መሆን ከላስታ ድረስ ያመጣኝ ምኞት መሆኑን ለክቡርነትዎ የነገረዎ ማን ይሆን? ያን ቀን በጆንያዎቹ አጠገብ ምኞቴን ሲጠይቁኝ እኔው ራሴ ነግሬዎት ነበር። እንዳልረሱት በማየቴ፣ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት በዳኛው ፊት ቆሜ፣ ቦጂያ በማን ትእዛዝ እንደ ተጠራ፣ ተሳቢ መፍታትንም ማን እንደ ከለከለ እናገራለሁ። እፈራለሁ፤ በዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ከማራገፊያው ስባረር የምገባበት ቤት እንኳ ገና አላሰብኩም። ነገር ግን የኦቦ ደቻሳን ዓይን እያየሁ በዚያ ዳገት መኪና መንዳት የምችል አልመሰለኝም። በችሎት ስምዎን በማንሣቴ ካስቀየምኩዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዳገቱ ሥር ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣
እስከ ሰኞ ጠዋት ረዳትዎ፣
እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ ልጅዎ የነበረው፣
ገብረየስ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ማራገፊያውን የመረቁ ዕለት ትንሿ መኪናዎ በደልዳላው ግቢያችን እንደ ቆመች፣ ሾፌርዎ ሮጦ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ሁለት ድንጋይ አደረገ። በሜዳ ላይ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ጌታዬ ድንጋዩን ካላዩ ከመኪናቸው አይወርዱም አለኝ። ያን ጊዜ ጠንቃቃ አባት አገኘሁ ብዬ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር።