ስድስቱ ሄድፎኖችና የአስካለች ቅዳሜ

ለተከበሩ የከተማችን የኢንተርኔት ቤቶች ክትትል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ጥበቃ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በዘንድሮው ክረምት ዝናቡ ከዳሞት ተራራ ወርዶ መናኸሪያውን ረግረግ ሲያደርገው፣ ባለሙያዎችዎ በዚያ ጭቃ ከአንዱ ኢንተርኔት ቤት ወደ ሌላው ሲመላለሱ እያየሁ ጉንፋን እንዳይዛቸው ስጸልይ ከርሜአለሁ። ለቤተሰብዎ፣ ለማኅተምዎ፣ ማኅተሙን ለሚያቀብሉዎት ጸሐፊም ጭምር ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እኔ ኢሊያስ እባላለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥተው በዚህ ከተማ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ወላይትኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር በጨዋታ ለምጄ፣ ዛሬ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ስድስት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ከባለቤቴ ከናጂያ ጋር እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው አያውቁኝም ብዬ አይደለም፤ ባለፉት አምስት ወራት ስለ እኔ የተጻፈው ሪፖርት እኔ ስለ ራሴ ከማውቀው እንደሚበልጥ እገምታለሁ። ደብዳቤውን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ብቻ ነው።

ነጥቦቼን በቢሮ ልማድ በቁጥር ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ። ሁለተኛው ግን ከቁጥሩ ስለሚያመልጥ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

1ኛ. ስለ ሄድፎኖቹ።

በሰኔ ወር «አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው፤ በኢንተርኔት በድምፅ ማውራት ሊያሳስር ነው» የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሶዶ ገባ። ሕጉን አነበብኩ የሚል ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ወሬው በገባ በሦስተኛው ቀን ግን ግብረ ኃይልዎ ተቋቁሞ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የሰፈራችን ቧንቧ ይጠገናል ከተባለ ሁለት ፋሲካ ስላለፈው፣ ይህን ፍጥነት ሳደንቅ ቆይቻለሁ።

ስማቸውን ከአክብሮት የተነሳ የማልጠቅሰው፣ ሁልጊዜ ቡናማ ጃኬት የሚለብሱት ባለሙያዎ ስድስቱን ሄድፎኖችና ሁለቱን ስፒከሮች በማዳበሪያ ከረጢት ከተቱ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሕጉ ሲወጣ ይሰጥሃል» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ ተራው ተጠቃሚ አልተከለከለም የሚል ነገር በሬዲዮ ሰማሁና እየሮጥኩ ቢሮዎ መጣሁ። «ሬዲዮው የተናገረው ስለ አዲስ አበባ ይሆናል» ተብዬ ተመለስኩ።

ስለዚህ አመሰግናለሁ። ቤቴ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

2ኛ. ስለ አስካለች።

አስካለች ከገሱባ ወዲያ ካለ ቀበሌ የምትመጣ ገበሬ ናት። ባለቤቷ አንጁሎ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እዚያ አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። እሷ ስልክ የላትም፤ በቀበሌዋም ኔትወርክ የሚባል ነገር ገና አልደረሰም፤ ከከተማ በስልክ መደወልም ከአቅሟ በላይ ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ፣ ያንን ኮረኮንች ችላ፣ ቀትር ላይ «ሳሮ» ብላ ትገባለች። ሰላም ናችሁ ማለቷ ነው። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጥና ባሏን በስካይፕ ታናግረዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የትዳራቸው ቤት ያ ወንበር ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሄድፎኖቹ በተወሰዱ ሳምንት እንደ ልማዷ መጣች። አንጁሎ ብቅ አለ፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ባትሪ የደከመ ሬዲዮ እንደሚመታ ኮምፒውተሩን በመዳፏ ጎኑን መታ መታ አደረገችው።

«ኢሊያስ፣ ምን ሆኖ ነው ድምፁ የጠፋው? ታሞ ነው?»

«አልታመመም» አልኳት። «ድምፁን ወስደውት ነው።»

«ማን?»

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት ግራ ቢገባኝ ወንበሯን ጠጋ አደረግኩላት።

መላ የፈጠረችው ናጂያ ናት፤ ኮምፒውተሮቼ የአማርኛ ፊደል የላቸውም። አስካለች መጻፍ ስለማትችል የምትለውን ናጂያ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ በወረቀት ትጽፍላታለች፤ እሷ ወረቀቱን ለካሜራው ትይዛለች፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰው አንጁሎ ያነብና እሱም በወረቀት ጽፎ ያሳያል፤ ናጂያ ታነብላታለች። ይህ የቀጠለው ለሦስት ቅዳሜ ነው። በሦስተኛው ባለሙያዎ ከኋላችን ቆመው ነበር። በወረቀቱ ላይ የነበረው «ጥጃዋ ጡት ተወች። ማሳው ታረመ። ሻንቆ ሰላም ብሎሃል» የሚል ነው።

«የታረመው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። «ምን ስህተት ተገኝቶበት?»

«አረም ነበረበት» አለች።

«ሻንቆ ማነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ሰላም ማለት ከፈለገ ለምን ራሱ መጥቶ አይልም?»

«በሬ ጠምዶ ነው።»

ባለሙያዎ ሁሉንም በደብተራቸው አሰፈሩ። ሰኞ ጠዋት ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ደረሰኝ፦ «ማንኛውንም ጽሑፍ ለካሜራ ማሳየት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። እስካሁንም አለ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ይተያዩ ነበር። አስካለች ግን ባዶ እጇን መምጣት ተወች። አንድ ቅዳሜ ከማሳቸው የተቆረጠ የበቆሎ እሸት፣ በሌላው ቅዳሜ አፈሩ ያልተራገፈ ቦይና የምንለውን የጎደሬ ሥር በነጠላዋ ጠቅልላ አምጥታ ለካሜራው ታሳየዋለች። እሱ አይቶ ይስቃል። ቦይና ጽሑፍ አይደለምና ባለሙያዎ ቢያዩም ምን ብለው እንደሚጽፉ ጨነቃቸው መሰለኝ፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

ነሐሴ ላይ አንጁሎ ሁለት ቅዳሜ ጠፋ። አስካለች ሁለቱንም ቅዳሜ ከቀትር እስከ ማምሻ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ተመለሰች። በሦስተኛው ብቅ አለ። ቀኝ ክንዱ ከጣቱ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል። አፉ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። አስካለች ተነስታ ቆመች፤ ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ «ምን ሆነህ ነው? ምን ሆነህ ነው?» እያለች በወላይትኛ ትጮኻለች። እሱ አይሰማ፤ እሷ አትሰማ።

ወንጀሉ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ አልክድም። ናጂያ ቁርኣን የምታዳምጥበትን የሞባይሏን ኤርፎን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰካችና አንዱን በአስካለች ጆሮ ከተተችላት። ማይክሮፎን የለውም፤ መስማት እንጂ መናገር አይቻልም። አስካለች የሚላትን ሁሉ ለእኛ ጮክ ብላ ትደግም ጀመር።

«ሱቁን ዘረፉት ይላል… በቀን ነው ይላል… ክንዴን በጥይት መቱኝ… አጥንቱን አልነካውም፣ ጅማቴን ነው… አልሞትም አትፍሪ ይላል።»

ናጂያ ፊቷን አዞረች። እኔም በሩን ማየት ትቼ ነበር፤ ጥፋቴ እሱ ነው።

ከዚያ አንጁሎ ጠየቃት፦ «ልምጣ ወይስ ልቆይ?»

አስካለች ራሷን ነቀነቀች። በዚህ ጥያቄ ላይ ራስ መነቅነቅ ምን መልስ ነው? «የቱን?» አላት። ልትለው የፈለገችውን ኋላ ነግራናለች፦ መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ና። ይህንን በእጅ ለመናገር የራሷን ቀኝ ክንድ እንደ ሕፃን አቀፈችው፤ ቀጥላም መዳፏን ወደ ካሜራው ዘርግታ «ቆይ» ልትል እጇን አነሳች።

ያችን የተነሳች እጅ ባለሙያዎ ከኋላ መጥተው ያዟት። «በእጅ ምልክት ምን እያስተላለፍሽ ነው?» አሉ። ናጂያ መሃል ገባች። እሳቸው በአንድ እጃቸው አስካለችን እንደያዙ በሌላው የኤርፎኑን ገመድ፣ ቀጥሎም የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀሉት።

አስካለች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዎ ተቀምጣ፣ ያላነበበችው ወረቀት ላይ አሻራዋን አድርጋ ተለቀቀች። የገሱባው አይሱዙ ስላመለጣት እኛ ቤት አደረች። ምንም አልበላችም። ኢንተርኔት ቤቴ ዘጠኝ ቀን ታሸገ።

3ኛ. ስለ ጎረቤቴ።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሥራ ስላልነበረኝ ሰው ስጠረጥር ዋልኩ። ግድግዳ የሚጋራኝ ሐብተማርያም ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ባለሙያዎ ሁልጊዜ ልክ አስካለች ስትቀመጥ ነበር የሚደርሱት። ማን ነገራቸው? ማስታወቂያዎቻቸውን እዚያ ኮፒ ሲያስደርጉ አይቼ የለም? ሰላምታ ነሳሁት። ናጂያ «አሥር ዓመት አብሮን የበላውን ሰው!» ብላ ብትቆጣኝም አልሰማኋትም። በአሥረኛው ቀን እሽጉን ላስነሳ ቢሮዎ ስመጣ መዝገቤ ተከፍቶ ነበር፤ ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ ሐብተማርያም ነው። የፈረመውም በታሸገ በማግሥቱ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ።

«ተወው» አለኝ። «እኔም አንተን ጠርጥሬህ ነበር።»

ለዚህም ግብረ ኃይልዎን አመሰግናለሁ። ድሮ የምንጠራጠረው ሚዛን ላይ ብቻ ነበር።

4ኛ. ስለ ውጤቱ።

በመስከረም፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከየአገሩ ለበዓሉ የሚገባው ሰው መናኸሪያውን ሲያጨናንቀው፣ ፋሻው የቆሸሸ ሰው ደጄ ላይ ቆመ። በአካል አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ አልለየሁትም። ሰላም ሳይለኝ «የት አሰሯት?» አለኝ።

አንጁሎ ነው።

በስክሪኑ ያየው እጅ የሚስቱን እጅ ሲይዝ፣ ከዚያም ጨለማ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በስካይፕ ሲደውል የእኔ ቤት ታሽጓል፤ የስልክ ቁጥራችንንም አያውቅም። እዚያ ያለው ሐኪም ጅማቱን ሊሰፋለት ቀጠሮ ይዞለት ነበር። ቀጠሮውን ትቶ፣ ከሱቁ የተረፈውን ለአገሩ ልጅ ትቶ፣ ቁስሉን ይዞ መጣ።

አልታሰረችም ብዬ ስምለት አላመነኝም። በአይሱዙ ሾፌር ላክሁባት፤ በማግሥቱ ደረሰች። ከበሩ ላይ ቆመው ተያዩ። የለመዱት እንደዚያ ነው።

«ያን ቀን ምን ልትዪኝ ነበር?» አላት በመጨረሻ።

«ዳንና ና፣ ልልህ ነበር።»

አንጁሎ ክንዱን አየ። «እኔኮ ድረስልኝ ያልሽኝ መስሎኝ ነው» አለ።

ናጂያ እያለቀሰች ወጣች። እኔ ኮምፒውተር የምጠግን መስዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

የከተማችን ሐኪሞች አይተውታል፤ ጊዜው አልፏል አሉ። ሦስት ጣቶቹ አይታጠፉም። አሁን ገሱባ ነው፤ እርፍ የሚይዝለት ሻንቆ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ሄድፎኖቼን መልሱልኝ ብዬ ይህን ሁሉ አልጻፍኩም፤ እነሱ በመልካም እጅ እንዳሉ አልጠራጠርም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግብረ ኃይልዎ የሩብ ዓመት አፈጻጸሙን ሲገመግም ስብሰባውን ገሱባ ቢያደርገው፣ ከተደረሰበት ሴራ ውስጥ የትኛው እንደከሸፈ ለአንጁሎ ቢያስረዳው። ሰውየው ትሑት ነው፤ ቆሞ ይቀበልዎታል። በግራ እጁ ቢጨብጥዎት ግን እንደ ንቀት አይቁጠሩበት።

ጆሮዎ በየቤታችን፣ ዓይንዎ በየትከሻችን ላይ ሳይታክት እንዲኖር የምመኝ፣ የሚሰጡኝንም ማስታወቂያ ሁሉ ቀጥ አድርጌ የምለጥፍ፣ ታዛዥዎ

ኢሊያስ
ጥቅምት 2005 ዓ.ም.፣ ወላይታ ሶዶ

ግልባጭ፦
ለሐብተማርያም ፎቶ ኮፒ ቤት (ኮፒውን ያለ ክፍያ ስላደረገልኝ)
ለገሱባው አይሱዙ ሾፌር (ጮክ ብሎ ለሚያነብላቸው ሰዎች)

ማሳሰቢያ፦ ባለ ቡናማ ጃኬቱ ባለሙያዎ ባለፈው ማክሰኞ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ሲወጡ የራሳቸውን ገጽ መዝጋት ረሱ። እኔ ዘጋሁላቸው፤ ሳልዘጋው በፊት ግን፣ ከእሳቸው በተማርኩት ሙያ፣ ሁለት መስመር አንብቤአለሁ። ደቡብ አፍሪካ ላለ ዘመዳቸው «መንገዱ እንዴት ነው? እኔም በቶሎ ልወጣ ነው» ብለው ጽፈዋል። መንገዳቸውን ያቅናላቸው። ባለቤታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ለመምጣት ካሰቡ ከወዲሁ ይንገሩኝ፤ ወንበር አስቀምጥላቸዋለሁ። ድምፁን ግን ከእርስዎ ቢሮ አስፈቅደው ይምጡ።