ወተቱ ፈቃድዎን ስንት ቀን ይጠብቅ?

ላ ክሮስ፣ ዊስኮንሲን
ማርች 3 ቀን 1986

ለክቡር ሚስተር ሃልቨርሰን
የኮምፒውተር ኩባንያው የፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ስንደውል ለማይነሳው ስልክዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከኩባንያዎ ጋር የሚፎካከሩ ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ትልልቅ ኮምፒውተሮች የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የትኛው መኪና የየትኛውን ገበሬ ወተት መቼ እንደሚያነሳ የሚደለድለው የወተት ማኅበራችን ሥራ በእናንተ ፕሮግራም ላይ የቆመ ነው፤ እርስዎም ፕሮግራሙ ከማርች 31 በኋላ እኔ ለማኅበሩ በሸጥኩት ማሽን ላይ እንዳይሠራ ስላዘዙ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በጃንዋሪ የማኅበሩ ቧንቧ በብርድ ፈንድቶ የእናንተን ማሽን ሲያበላሽ፣ በእኔ ማሽን ለጊዜው እንድንሠራ በደብዳቤ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። እስከ ማርች 31 ደህና የሆነው ማሽን በኤፕሪል 1 ጠዋት እንዴት አደገኛ እንደሚሆን ግን ደብዳቤው አላብራራም።

2. ክልከላው ለጥራት ሲባል ነው ስላሉን እናመሰግናለን። ፕሮግራሙ የእናንተ ነው፤ ማኅበሩም ኪራዩን ከፍሏል፣ ወደፊትም ይከፍላል። እኛ አገር ግን ላሚቱን የሸጠ ሰው በየትኛው ባልዲ እንደምትታለብ ሲያዝ አላየንም።

3. ለአቤቱታችን «በመጣራት ላይ ነው» ብለው ስለመለሱ አመሰግናለሁ። የሦስት መቶ አርባ ገበሬ ላሞች በቀን ሁለቴ ይታለባሉ፤ ማጣራት የሚባል ነገር አያውቁም። እኔም መቀመጥ አቅቶኝ በቀን ሦስቴ ማኅበሩ ደጃፍ እመላለሳለሁ።

4. ከሁሉ በላይ ስለ ጥገና ባለሙያዎ አመሰግናለሁ። የዕለት ማስታወሻዬ እንደሚለው ፌብሩዋሪ 18 ለወትሮው ቁጥጥር መጣ፤ የእኔ ማሽን ያለበትን ክፍል ሳይከፍት፣ እንደ ልማዱ ከፊት ቢሮ ስክሪኑ ላይ ፕሮግራማችሁ የሚያወጣውን የኩባንያዎን ስም አይቶ ሥራውን ጀመረ። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሎይስ ክቫም፣ «እንዴት አገኘኸው፣ ልጄ?» ብትለው፣ «ወይዘሮ ሎይስ፣ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም! የኛ ዕቃ መቼ አሳፍሮዎት ያውቃል?» አላት። «ኧረ እኔስ ምን አልኩ! እሱኑ ጻፍና ፈርምልኝ» አለችው። በኩባንያዎ ቅጽ ላይ ጻፈ፤ ፈረመም። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

የምንለምነው አንዲት መስመር ፈቃድ ብቻ ነው። እስከ ማርች 31 ካልደረሰችን፣ በማግሥቱ ገበሬዎቹ «ወተቱን የት እናድርስ?» ብለው ሲጠይቁኝ የቢሮዎን አድራሻ በደስታ እሰጣቸዋለሁ።

ቸርነትዎን በጉጉት፣ ሰዓቱን በጭንቀት የምጠብቅ ትሑት ተፎካካሪዎ፣
አርኔ ቶሌፍሰን

ማሳሰቢያ፦ እባክዎ ባለሙያውን አይቆጡት፤ ሐቀኛ ሰው ነው። የኩባንያዎ ቅጽ በመጨረሻ «ደንበኛው ሌላ ማሽን ያስፈልገዋል?» ብሎ ይጠይቃል። እሱም በእጁ ጽሑፍ «ፈጽሞ አያስፈልገውም» ብሎ መልሷል።